ነጭ ቡርጎኝ በአነስተኛ በጀት፦ ከመደርደሪያው እስከ ብርጭቆው

የነጭ ቡርጎኝ መደርደሪያ ፊት ቆሞ ዓይን አዋጅ የማይሆንበት ገዢ ጥቂት ነው። አንዱ ጠርሙስ 18 ዶላር፣ አጠገቡ የቆመው 120 ዶላር። ሁለቱም የተጠመቁት ሻርዶኔ ከሚባለው አንድ የወይን ዘር ነው፤ የብዙዎቹ ወረቀት ላይ ግን የዘሩ ስም እንኳ አልተጻፈም። የተጻፈው የመንደር ስም ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በርገንዲ የሚሉት ይህ የምሥራቅ ፈረንሳይ ክፍል ወይኑን በመንደርና በማሳ ስም ስለሚሸጥ፣ ስም ያወጣው መንደር ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ጎረቤቱን ግን ኪስ አሁንም ይችለዋል። በአነስተኛ በጀት የመግዛት ዘዴው ሁሉ እነዚህን ጎረቤቶች ማወቅ ነው።

ዝዋይ ላይ ካስቴል የሚጠምቀውን ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ የቀመሰ ሰው ዘሩን ያውቀዋል። ቡርጎኝ ውስጥ ያው ዘር ቀዝቀዝ ባለ አየር፣ ኖራ ድንጋይ በበዛበት አፈር ላይ ስለሚበቅል ጎምዘዝ ያለና ፍሬው ቁጥብ ይሆናል። ያንን ጉምዛዜ የማይወድ ሰው ገንዘቡን ሌላ ወይን ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች አሜሪካ ውስጥ በመደብር፣ ግብር ሳይጨመር በግምት የሚታዩ ናቸው፤ አውሮፓ ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አፋችሁ የሚወደውን በሦስት ጠርሙስ ለዩ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው የማይወደውን ጠባይ ደጋግሞ በመግዛት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ጠርሙስ ግዙ፦ አንድ ሻብሊ፣ አንድ ማኮን-ቪላዥ ወይም ሳን-ቬራን፣ አንድ ሞንታኚ ወይም ሩዪ (ሁሉም የቡርጎኝ ቦታ ስሞች ናቸው፤ ካርታው ቀጥሎ ይመጣል)። ሦስቱ አንድ ላይ 90 ዶላር አካባቢ ይወጣሉ፤ ስድስት ሆናችሁ ብታዋጡ በነፍስ ወከፍ 15 ዶላር ነው። ጠርሙሶቹን በወረቀት ጠቅልሉ፣ ቁጥር ስጧቸው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከእያንዳንዱ ጠርሙስ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ቅዱ። መጠቅለሉ ለጨዋታ እንዳይመስላችሁ፤ ስም ምላስን ያታልላል።

ሻብሊው ሎሚ፣ አረንጓዴ ፖም፣ ዝናብ የነካው ድንጋይ ይሸታል፤ መጨረሻው ላይ ጨው ጨው ይላል። የማኮኑ ለስለስ ያለ፣ ወደ ኮክና ወደ ቢጫ ፖም የሚያደላ ነው። ሦስተኛው መሃል ላይ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም በእንጨት በርሜል ስለሚያርፍ ቅቤና የተቆላ ለውዝ ጠረን ይኖረዋል። ከሦስቱ የትኛው ቀድሞ እንዳለቀ አስተውሉ። ከዚያ በኋላ መደብር ስትገቡ የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ትችላላችሁ።

ካርታው በሦስት የፖስታ ቁጥር

ከሰሜን እንጀምር። ሻብሊ ለብቻው ተነጥሎ፣ የቡርጎኝ ወይን ንግድ መናኸሪያ ከሆነችው ከቦን ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ወደ ሻምፓኝ አካባቢ ተጠግቶ ይገኛል። ወደ ደቡብ ስትወርዱ የኮት ዶር ተረተር ይመጣል፤ ስመ ጥሮቹ መርሶ፣ ፑሊኚ-ሞንራሼና ሻሳኝ-ሞንራሼ ያሉት የዚህ ተረተር ደቡባዊ ግማሽ በሆነው በኮት ደ ቦን ነው። ቀጥሎ ኮት ሻሎኔዝ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሞቅ የሚለውና ሰፊው የማኮን አገር ይከተላል።

በቃላችሁ መያዝ ያለባችሁ የጠርሙሱ ወረቀት ግርጌ ላይ በትንሹ የሚጻፈውን የፖስታ ቁጥር ነው። በ89 ከጀመረ የሻብሊና የኦሴር አካባቢ ነው። 21 ኮት ዶር ነው። 71 ከሆነ ኮት ሻሎኔዝ ወይም ማኮን ነው። ይህች ቁጥር ምን ያህል ገንዘብ እንደምታድን ወዲያው እናያለን።

ወረቀቱን ማንበብ

ደረጃው አራት ነው። ከታች ሰፊ አካባቢን የሚሸፍነው ተራው ቡርጎኝ አለ፤ ከአጠቃላዩ ምርት ግማሽ ያህሉ በዚህ ደረጃ ነው። ቀጥሎ የመንደር ስም የያዘው፣ ከዚያም የመንደሩ ስም ላይ ፕረሚዬ ክሩ የሚል የተጨመረበት፣ ጫፉ ላይ ግራን ክሩ። ግራን ክሩው ከምርቱ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ከእኛ በጀት ጋር አይተዋወቅም፤ እንለፈው።

አንድ ጠርሙስ እንይ። በትልቁ "ቡርጎኝ" ይላል፤ ከሥሩ "ሻርዶኔ" ወይም "ብላን" (ነጭ)። መንደር የለም፤ ዋጋው 32 ዶላር። ተራ ነው ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ግርጌውን አንብቡ፦ "ሚ ዞን ቡቴይ ኦ ዶሜን" ካለ ወይኑን ያሸገው ራሱ የእርሻው ባለቤት ነው። አድራሻው ላይ 21190 የሚል ቁጥር ካለ ያ ባለቤት ቤቱ መርሶ፣ ፑሊኚ፣ ሻሳኝ ወይም የቅርብ ጎረቤቶቻቸው መንደር ነው። እነዚህ ገበሬዎች ከዋናው መንገድ በታች ሜዳው ላይ ያለው ማሳቸው የመንደሩን ስም እንዲይዝ አይፈቀድለትም፤ ወይኑ በተራው ቡርጎኝ ስም ይወጣል። የሚጠምቀው ግን 80 ዶላር የሚሸጠውን መርሶ የሚጠምቀው ያው እጅ ነው። ያው "ቡርጎኝ" ግርጌው ላይ 71 ቢል ወይኑ ከማኮን በኩል የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ያም መጥፎ አይደለም፣ ግን 32 ዶላር ሊከፈልበት አይገባም። ቁጥሩ 21200 ከሆነ ቦን ከተማ ነው፤ እዚያ የሚያሽጉት ትልልቅ ነጋዴዎች ወይንና ፍሬ ከየአቅጣጫው ስለሚገዙ አድራሻው ስለ ማሳው ብዙ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ። ትልቁ ፑዪ-ፉዊሴና ፑዪ-ፉሜ ናቸው። የመጀመሪያው ከማኮን አገር የሚመጣ ሻርዶኔ ነው፤ ሁለተኛው ከሎዋር ሸለቆ የሚመጣ ሶቪኞን ብላን ሲሆን ከቡርጎኝ ወይን ጋር ዝምድና የለውም። መደብሮች ራሳቸው አንዳንዴ አደባልቀው ይደረድሯቸዋል። "ቪዬይ ቪኝ" ማለት የአሮጌ ተክል ፍሬ ማለት ነው፤ ስንት ዓመት እንደሆነ የሚደነግግ ሕግ ግን የለም፤ አምራቹን ካላመናችሁ ቃሉንም አትመኑት። "ግራን ቫን ደ ቡርጎኝ" (ታላቅ የቡርጎኝ ወይን) የሚለው ጌጥ ነው፤ ከግራን ክሩ ጋር አታምታቱት። ስሙ ላይ "ሞንራሼ" መኖሩም ወይኑን የዝነኛው ማሳ ፍሬ አያደርገውም፤ ፑሊኚና ሻሳኝ በ1879 ያንን የማሳ ስም በመንደራቸው ስም ላይ ቀጠሉት፣ ገዢው እስከ ዛሬ ይከፍልበታል።

ገንዘቡ የሚሠራባቸው መንደሮች

ማኮን ላይ ቆየት እንበል፤ ለትንሽ ገንዘብ ብዙ የሚገኘው እዚህ ነው። መሰላሉ ሦስት እርከን አለው። ተራው "ማኮን-ቪላዥ" ከ15 እስከ 22 ዶላር ነው፤ ብዙውን ጊዜ በብረት ጋን የሚብላላ፣ ንጹሕ፣ በዓመት በሁለት ዓመት የሚጠጣ። ሁለተኛው እርከን "ማኮን" ተብሎ የአንድ መንደር ስም የሚከተለው ነው፦ ማኮን-ሉኚ፣ ማኮን-ቬርዜ፣ ማኮን-ኢዤ፣ ማኮን-ፔሮን፣ ማኮን-ሚዪ-ላማርቲን፤ እንዲሁም ማኮን-ሻርዶኔ፣ አዎን፣ ሻርዶኔ የሚባል መንደር አለ። ይህ እርከን ከተራው ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ዶላር ብቻ ይበልጣል፤ በጥራት ግን ከዚያ የሚበልጥ ርቀት አለው። ከመላው ቡርጎኝ አንድ ደረጃ ብቻ ምረጡ ብንባል ይህንን እንመርጣለን። ለዚህም ምስክር አለን፦ የመርሶው የኮምት ላፎን ቤት በ1999 ሚዪ-ላማርቲን ላይ እርሻ ገዛ፤ የፑሊኚው ዶሜን ለፍሌቭም ከ2004 ምርት ጀምሮ ማኮን-ቬርዜ እየጠመቀ ነው። እነዚህ ሰዎች መሬት የሚገዙት አፈሩን አይተው ነው። (የእነሱ ጠርሙስ ግን ስማቸውን ተከትሎ ዋጋው ወጥቷል፤ የጎረቤቶቻቸውን ፈልጉ።)

ሦስተኛው እርከን የራሳቸው ስም ያላቸው መንደሮች ናቸው። ቪሬ-ክሌሴ ራሱን ችሎ የተሰየመው በ1999 ነው፤ ወፈር ያለ፣ የማር ጠረን የማይጠፋው ወይን ሲሆን ከ20 እስከ 35 ዶላር ይሸጣል። ሳን-ቬራን በፑዪ-ፉዊሴ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነው፤ በዋጋ ግን ከእሱ ሲሶ ያህል የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ፑዪ-ፉዊሴ ከ2020 ምርት ጀምሮ 22 ማሳዎቹ ፕረሚዬ ክሩ ስለሆኑለት እነዚያ ከበጀታችን እየሸሹ ነው፤ የማሳ ስም የሌለበት ግን ከ30 እስከ 40 ዶላር አሁንም ይገኛል። ማኮን ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አገሩ ሞቃት ስለሆነ ፍሬው በጣም ሊበስል ይችላል። ወረቀቱ ላይ አልኮሉ 14 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ካለ ወይኑ ከባድና ጉምዛዜ ያነሰው ሊሆን ስለሚችል 12.5 ወይም 13 ያለውን አስቀድሙ።

ከኮት ሻሎኔዝ ሁለት ስሞች ይበቃሉ። ሞንታኚ ነጭ ብቻ የሚያመርት ሲሆን የማሳው ብዙ ክፍል ፕረሚዬ ክሩ ነው፤ ስለዚህ "ፕረሚዬ ክሩ" የሚለውን ቃል ከ25 እስከ 38 ዶላር ከሚያገኙባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ቃሉ እዚህ እንደ መርሶው የማይከብድ መሆኑን ግን እወቁ። የቡክሲ ህብረት ሥራ ማህበር የሚያወጣው ሞንታኚ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው አስተማማኝ መነሻ ነው። ሩዪ ትንሽ ይወደዳል፤ የበርሜል ጠረን ለሚወድና መርሶ ለማይደርስበት ሰው ግን የቅርብ ዘመድ ነው።

ሻብሊ ላይ "ፕቲ ሻብሊ" የሚለው ስም ገዢን ያሸሻል። ከኮረብቶቹ አናት ላይ ከሌላ ዓይነት ኖራ ድንጋይ የሚመጣ፣ ቀለል ያለ፣ ቶሎ የሚጠጣ ወይን ነው። ከጥሩ ጠማቂ የመጣ የ24 ዶላር ፕቲ ሻብሊ ከደካማ ጠማቂ ከመጣ የ30 ዶላር ሻብሊ ይበልጣል። በ1923 የተመሠረተው ላ ሻብሊዜን የተባለው ማህበር ከታች እስከ ላይ ሁሉንም ደረጃ ስለሚጠምቅ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ለማነጻጸር ይመቻል። ከሻብሊ ድንበር ወጣ ብሎ ደግሞ ቡርጎኝ ኮት ዶሴር፣ ቡርጎኝ ሺትሪና ቬዝሌ አሉ፤ አፈሩም አየሩም ይቀርባል፣ ስሙ ግን ስላልታወቀ ዋጋው ዝቅ ይላል።

ኮት ደ ቦን ውስጥ ራሱ የቀረው ቀዳዳ ጠባብ ነው። ሳንቶባን ድሮ የድሃ ሰው ፑሊኚ ነበር፤ ዛሬ ዝናው ወጥቶ ዋጋው አብሮ ወጣ። ከፍታ ላይ የሚገኘው ሳን-ሮማን ግን አየሩ ሲሞቅ ተጠቃሚ ሆኗል፤ ድሮ ፍሬው አልበስል እያለ የሚያስቸግርበት ቀዝቃዛ ቦታ አሁን ጉምዛዜውን ጠብቆ ይበስላል። ከ40 ዶላር በታች ካገኛችሁት አትለፉት። ኦት-ኮት ደ ቦን እንዲሁ ከተረተሩ ጀርባ ያለ ከፍታ ሲሆን በተመሳሳይ ምክንያት እየተሻሻለ ነው።

አሊጎቴን አትርሱ። ሻርዶኔ ያልሆነ ሌላ ነጭ ዘር ነው፤ ቀጭን፣ ጎምዛዛ፣ የሎሚ ልጣጭ የሚሸት። ድሮ ካሲስ ከሚባለው የጥቁር ከረንት ፍሬ ጣፋጭ ሊኬር ጋር የሚበረዝ መናኛ ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር። ቡዝሮን የተባለው መንደር ለአሊጎቴ ብቻ በ1998 የራሱን ስም አግኝቷል። በ20 እና በ30 ዶላር መካከል፣ የታላቅ ጠማቂ እጅ የሚቀመስበት አነስተኛው ዋጋ ብዙ ጊዜ አሊጎቴው ነው።

ጠማቂው ከመንደሩ ይቅደም

ሁለት ገበሬዎች አንድ ማሳ እየተካፈሉ አንዱ የሚያስደንቅ፣ ሌላው የውሃ ያህል ቀጭን ወይን ሊያወጣ ይችላል። አንዱ በሄክታር ብዙ ፍሬ ይለቅማል፣ ሌላው ይቀንሳል፤ አንዱ ወይኑን ወዲያው አጣርቶ ያሽጋል፣ ሌላው አተላው ላይ ዓመት ያቆየዋል። አተላ ላይ መቆየቱ ወይኑን ያወፍረዋል፣ ከአየርም ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ዘዴው እንዲህ ነው፦ መግዛት የማትችሉትን ወይን የሚሠራ ቤት ስም ያዙና ዝቅተኛውን ጠርሙሱን ፈልጉ። ከትልልቆቹ ነጋዴዎች ሉዊ ዣዶ፣ ዦዜፍ ድሩአን፣ ሉዊ ላቱርና ኦሊቪዬ ለፍሌቭ የማኮንና የሻሎኔዝ ጠርሙሶቻቸው በየከተማው ይገኛሉ፤ ልብ የሚያቆም ባይሆኑም አያሳፍሩም። አሜሪካ ውስጥ ሌላ ፍንጭ አለ፤ የጠርሙሱን ጀርባ ገልብጣችሁ የአስመጪውን ስም ተመልከቱ። ከርሚት ሊንች፣ ሮዘንታል ወይም ስኩርኒክ የሚል ካለ የገበሬውን ስም ሰምታችሁት ባታውቁም መሞከር ያዋጣል።

ዓመቱ

እዚህ በፍጥነት እንለፍ። 2020 እና 2022 ለነጭ ጥሩ ናቸው፤ 2022 ምርቱም አልጎደለም። በ2021 በኤፕሪል የወደቀው ውርጭ ምርቱን ስለፈጀው ጥቂት ወይን በውድ ዋጋ ወጣ። 2023 የተትረፈረፈ ዓመት ነው፤ ፍሬውን ያልቀነሱ ሰዎች ወይናቸው ቀጥኗል፣ ስለዚህ በዚህ ዓመት የጠማቂው ስም ከምንጊዜውም በላይ ይፈለጋል። 2024 በተለይ ሻብሊን በውርጭ፣ በበረዶና በዝናብ ጎድቶታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ማርጀቱ ነው። ማኮን-ቪላዥ ከተለቀመ ከሦስት ዓመት በላይ ካለፈው፣ ተራ ሻብሊ ከአምስት ካለፈው በቅናሽ ቅርጫት ውስጥ ቢጣልም አትንኩት። ነጭ ቡርጎኝ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ምርት ወዲህ ያለ ጊዜው አየር እየገባው በመበላሸት የታወቀ ችግር አለበት፤ ውዶቹን እንኳ አልማረም። "አሮጌ ወይን ጥሩ ነው" የሚለው ወሬ እዚህ ደረጃ ላይ አይሠራም።

መደብር ውስጥ

የመጠጥ መሸጫ ሁሉ አንድ አይደለም። ወይን ላይ ብቻ የሚሠራና አየሩ ቀዝቀዝ ያለ መደብር ምረጡ። ለሻጩ ሦስት ነገር ብቻ ንገሩት፦ እስከ ስንት እንደምትከፍሉ፣ የእንጨት ጠረን መፈለግ አለመፈለጋችሁን፣ ከምን ምግብ ጋር እንደሚጠጣ። ዋጋውን ስትናገሩ አትፈሩ፤ "ጥሩ ነገር ስጠኝ" የሚል ሰው ነው የሚወደድበት። ስልካችሁ ላይ የየመደብሩን የወይን ዋጋ የሚያነጻጽረውን ዋይን-ሰርቸር የተባለ ድረ ገጽ ከፍታችሁ የጠርሙሱን ስምና ዓመት አስገቡ፤ ሌላ ቦታ ከሚሸጥበት በ20 በመቶ ከበለጠ ተዉት።

ከዚያ ጠርሙሱን ራሱን መርምሩ። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የቆየ፣ ወይም ቆሞ አቧራ የጠጣ አይነሳ። ቡሹ ከአፉ ወጣ ብሎ ቆቡን ከገፋው ሙቀት አግኝቶታል። በወይኑና በቡሹ መካከል ያለው ክፍተት በአዲስ ጠርሙስ ከ2 ሴንቲ ሜትር ብዙ ከበለጠ ፈሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶችን ብርሃን ላይ አንሥታችሁ አነጻጽሩ፤ ጠቆር ያለው ይቅር።

ብዙ መደብሮች 12 ጠርሙስ ለሚገዛ፣ ቢቀላቀልም፣ 10 በመቶ ይቀንሳሉ። ሆኖም አንድ ጠርሙስ ቀምሳችሁ ሳትጨርሱ ካርቶን አትግዙ። ፈረንሳይ ያላችሁ በመስከረም ወር ሱፐርማርኬቶች የሚያካሂዱትን የወይን ሽያጭ ጠብቁ፤ የማህበራት ጠርሙስ በዚያ ሰሞን ይረክሳል። ስዊድን ያላችሁ ደግሞ የመንግሥት መጠጥ መሸጫው ሲስተምቦላጌት መደርደሪያው ላይ የሌለውን ከዝርዝሩ አዝዞ እንደሚያመጣ አትዘንጉ።

ቤት ከገባ በኋላ

በጣም የተለመደው ጥፋት ማቀዝቀዝ ነው። የቤት ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በዚያ ሙቀት የ15 እና የ50 ዶላር ወይን አንድ ዓይነት ይሆናል። ሻብሊ በ10፣ ሌሎቹ በ11 እስከ 13 ዲግሪ ይጠጡ። ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ 20 እስከ 30 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ማቆየት በቂ ነው።

ቡሹን ስትነቅሉ ጎኑን አንብቡ። ዲያም የሚል (ሽታው እንዲወጣለት ተጠርጎ የተሠራ የቡሽ ዓይነት ስም ነው) ከቁጥር ጋር ካለበት ከቡሽ የሚመጣው የእርጥብ ካርቶን ሽታ አያሰጋም። ተራ ቡሽ ሆኖ ወይኑ የሻገተ ወረቀት ከሸተተ ግን አየር ቢያገኝም አይሻለውም፤ ቡሹን መልሳችሁ ከትታችሁ በማግሥቱ ወደ መደብሩ ውሰዱት፣ ደህና መደብር ይለውጣል። የተጫረ ክብሪት ከሸተተ አትደንግጡ። ይህ ወይኑ አየር ሳያገኝ ከአተላው ጋር ከመቆየቱ የሚመጣ ነው፤ ብርጭቆውን አዙሩት፣ በ10 ደቂቃ ይለቃል፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ይወደዋል። ቀለሙ ወደ ቡና ያደላ፣ ጠረኑ ተቆርጦ ያደረ ፖም የሆነ ደግሞ አየር ገብቶታል፤ እሱም ወደ መደብሩ ይመለሳል።

ከእኛ ማዕድ ጋር ሲሆን፣ በርበሬ የበዛበት ወጥና የበርሜል ወይን አይስማሙም፤ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሳል፣ እንጨቱም ይመራል። ዶሮ ወጥ ላይ ከማባከን ለዓሣ ጥብስ፣ ለአልጫ፣ ለጎመንና ለአይብ አውሉት። በርበሬ ግድ ከሆነ አሊጎቴው ወይም እንጨት ያልነካው ማኮን በደንብ ቀዝቅዞ ይቀርባል።

ጠርሙሱን በአንድ ምሽት አትጨርሱት። ሲሶውን አስቀሩና ቡሹን መልሳችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሩት። በማግሥቱ ጠፍጣፋና የደከመ ሆኖ ካገኛችሁት ያ ወይን አንድ ጊዜ ተጠጥቶ የሚረሳ ነው። የተሻለ ሆኖ ካገኛችሁት የመንደሩን፣ የጠማቂውንና የዓመቱን ስም ጽፋችሁ በዚያው ሳምንት ስድስት ጠርሙስ ግዙ፤ የሚቀጥለው ጭነት ሲመጣ ዓመቱ ተቀይሮ ወይኑም ዋጋውም ሌላ ሊሆን ይችላል።